የጃማይካ ሯጮች፦ ትርፉ ከአሠልጣኙ ነው
ሦስት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት ጃማይካ በአጭር ርቀት ሩጫ ስሟ የገነነው በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ስጦታ ብቻውን ግን ካፒታል አይሆንም። ደሴቲቱ ለረጅም ዓመታት ምርጥ ወጣቶቿን በነፃ የትምህርት ዕድል ለአሜሪካ ኮሌጆች ስትሰጥ ኖራለች፤ ጥሬ ቆዳ ልኮ የጫማውን ትርፍ ለሌላ እንደመተው ያህል ነው።

ሚዛኑ የተለወጠው ሥልጠናው ወደ አገር ቤት ሲመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው ጂ.ሲ. ፎስተር ኮሌጅ የስፖርት መምህራንና አሠልጣኞችን ማፍራት ጀመረ። ከ1910 አንስቶ የሚካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድርም ተሰጥኦ የሚመዘንበት ገበያ ሆኖ አገለገለ። የቢዝነስ አስተዳደር ምሩቁ ስቴፈን ፍራንሲስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 ኤም.ቪ.ፒ. ክለብን ሲመሠርት፣ ሯጩ አገሩ ተቀምጦ መሠልጠን ቻለ። የክለቡ ልጅ አሳፋ ፓወል በ2005 መቶ ሜትርን በ9.77 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ኮሌጁ ከተከፈተ እስከዚያ ቀን 25 ዓመት አልፏል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሜዳሊያ ያገኘውን ብቻ ስፖንሰር የሚያደርግ ባለሀብት ያለቀለትን ዕቃ በውድ ዋጋ ይገዛል። አዋጩ ኢንቨስትመንት የአሠልጣኙ ደመወዝ ነው።