የፓኬጅ ጥገኝነትና የራሳችን ጎተራ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያና በቅርብ ዓመታት የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በመሆኑም በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የሚገኙ ዕድሜ ጠገብ ኮምፒውተሮች ያለ ጥበቃ ከመቆየትና ከመጣል በቀር ዕጣ የሌላቸው ይመስላል። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፤ እርሱም በሊኑክስ ላይ ኤክስኤፍሲኢን የመሰለ ቀለል ያለ የዴስክቶፕ ከባቢ መጫን ነው። የሚያሳዝነው ይህን መንገድ የጀመሩ ተማሪዎች «ያልተሟላ ጥገኝነት» የሚል መልእክት ሲገጥማቸው ተስፋ ቆርጠው መመለሳቸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዴስክቶፕ ከባቢ አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። መስኮቶችን የሚያስተዳድረው፣ ፋይሎችን የሚያሳየው፣ የመግቢያውን ገጽ የሚያቀርበው ክፍል እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅም የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች ከነእትማቸው፣ አብሯቸው ሊኖር የማይችላቸውንም ጭምር ይዘረዝራል። የዶርዜ ሸማኔ ድሩን ሳያሰናዳ ማጉን እንደማይወረውር ሁሉ፣ አፕት የተባለው የዴቢያንና የኡቡንቱ ጫኝም መሠረቱ ሳይሟላ የላዩን አይጭንም። እነዚህን ሁኔታዎች በአንድነት የሚያሟላ ስብስብ መፈለግ በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ችግሮች ወገን መሆኑ ተረጋግጧል። ስለሆነም አፕት «አልቻልሁም» ሲል የተሰጠው መረጃ እርስ በርሱ መጋጨቱን እየነገረን ነው።

የግጭቱ መነሻ ባመዛኙ የሁለት እትሞች ምንጮች መደባለቅ፣ ከውጭ የተጨመረ ምንጭ፣ ወይም በመብራት አለያም በኢንተርኔት መቋረጥ ምክንያት በመካከል የቀረ ጭነት ነው። መፍትሔውም ቅደም ተከተል አለው። በቅድሚያ መልእክቱን አንብቦ የትኛው ፓኬጅ የትኛውን እትም እንደጠየቀ መለየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የምንጮቹን ዝርዝር ወደ አንድ እትም መልሶ ማደስ፣ በመካከል የቀረውንም ጭነት ማስጨረስ ይገባል። በመጨረሻም አፕት ሥራውን በማስመሰል ብቻ እንዲያሳይ አዝዞ ምን ሊጨምርና ምን ሊነቅል እንዳሰበ መመርመር ነው።

ይህን የመጨረሻ ጥንቃቄ መዝለል ምን እንደሚያስከትል በ2021 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ካናዳዊው የቴክኖሎጂ ቪዲዮ አዘጋጅ ሊነስ ሰባስቲያን በፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም ሲጭን፣ አፕት ዋና ዋና ክፍሎች ሊወገዱ መሆናቸውን አስጠንቅቆት ነበር። እርሱም የማረጋገጫውን ቃል ጽፎ አለፈ፤ ዴስክቶፑም ተነቀለ። ጥፋቱ ከፓኬጆቹ አደረጃጀት ቢጀምርም ፍጻሜው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ሆነ። ከዚያ በኋላ የአፕት ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ነቀላ በቀላሉ እንዳይፈጸም አድርገዋል።

ይህን ስንል ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫናችን አይደለም። 30 ኮምፒውተሮች ያሉት ቤተ ሙከራ ያንኑ ፓኬጅ በደካማ መስመር 30 ጊዜ ከባሕር ማዶ የሚያወርድ ከሆነ ጭነቱ በመካከል መቅረቱ አይገርምም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ እንደታየው፣ መስመሩ ጨርሶ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። እኛ የምንለው ዩኒቨርሲቲው የራሱን የፓኬጅ ጎተራ ያቁም ነው። ለአንድ እትምና ለአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት የሚበቃ ቅጂ በአንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል፤ በጫሞም ሆነ በሌሎቹ ካምፓሶች ያሉ ኮምፒውተሮች ከዚሁ ቢቀዱ ጭነቱ ይፈጥናል፣ የእትም መደባለቁም ከመነሻው ይቀራል።

እርግጥ ነው፣ የማይታደስ ጎተራ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ስለሚያስቀር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ባለቤት ሊሰየምለት፣ ማደሱም ከመደበኛ ሥራው ሊቆጠርለት ይገባል። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው ተቋማችን፣ ምንጩ ሲርቅ ማጠራቀሚያ መሥራት እንደሚበጅ ለትውልድ ሲያስተምር ኖሯል። ያንኑ ትምህርት በቤተ ሙከራዎቹ ቢሠራበት፣ ሊጣሉ የተዘጋጁት ኮምፒውተሮች ገና ብዙ ተማሪ ያስተምራሉ።