«ቧንቧው ነዘረኝ»

እናቴ ስልክ ደውላ «የሻወሩ ቧንቧ ይነዝረኛል» ስትለኝ፣ «እጅሽ ርሶ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ ደግማ ነገረችኝ። «እሺ፣ ሰው እልካለሁ» አልኳትና ረሳሁት። በኋላ የስድስት ዓመቷ ልጄ አያቷ ቤት አድራ መጣችና «አባዬ፣ የእማማ ሻወር ይነክሳል» አለችኝ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ በጠዋት ኤሌክትሪሻን ይዤ ሄድኩ። ባለሙያው ቦይለሩን ከመንካቱ በፊት ብሬከሩን አወረደ። «የግድግዳው ማጥፊያ ብቻ አይታመንም። ሽቦው ተገላብጦ የተገጠመበት ቤት ሞልቷል፤ ጠፋ ሲባል እሳቱ እዚያው አለ» አለኝ። ሽፋኑን ፈትቶም መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጠ።

ቀጥሎ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ዘጋ፤ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈተና ታንከሩን አፈሰሰ። ሽቦዎቹን ከመንቀሉ በፊት በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። ሬዚስታንሱ ሲወጣ እናቴ አማተበች። ነጭ ድንጋይ የለበሰ በቆሎ ይመስላል! ውሃ ሲፈላ የሚተወው ኖራ ዓመት ከዓመት እየተደራረበበት፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ የብረት ሽፋኑን ሰንጥቆታል። በዚያ ስንጥቅ ነው ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው የገባው። ቤቱ ደግሞ ኧርዝ የለውም። ኧርዝ ቢኖር ኖሮ በሰው ገላ ሳይሆን በሽቦው በኩል ወደ መሬት ይወርድ ነበር።

አሮጌውን ይዘን መርካቶ ወረድን። ቁመቱ፣ የማሰሪያው ቅርጽና ዋቱ ካልተመሳሰለ አይገጥምምና አሮጌውን ሳይዙ መሄድ መንገላታት ነው። የእኛው 1500 ዋት ነው። ከአዲሱ ጋር አዲስ ጎሚኒ ገዛን፤ አሮጌው ጎሚኒ ተመልሶ ከታሰረ ማንጠባጠቡ አይቀርም። ባለሙያው ታንከሩ ሥር የተጠራቀመውን ኖራ ጠርጎ አውጥቶ አዲሱን ገጠመ፤ ኧርዝም አስገባልን።

መብራቱን ላበራ ስል እጄን ያዘኝ። «መጀመሪያ ውሃ ይሙላ። ባዶ ቦይለር ላይ ከበራ አዲሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።» የሙቅ ውሃው ቧንቧ መትፋቱን ትቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠበቅን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማስታወስ ግድ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩንም ማጥፋት ይልመድብን። 80 ሊትሩን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል።

ስለ 60 ዲግሪ ካነሳን፣ ይህ ሙቀት የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ልጅ ስታጥቡ ቀዝቃዛውን አስቀድማችሁ፣ ሙቁን አስከትላችሁ ቀላቅሉ፤ በክንዳችሁም ለኩት።

ወላጆች ሆይ፣ ቧንቧ ጥቂትም ቢነዝር፣ ቦይለሩ ሲበራ ብሬከር ቢወርድ፣ ከሥሩም ቢያንጠባጥብ አንድ ቀን አታሳድሩ። ብሬከሩን አውርዱ፤ ባለሙያ እስኪመጣም ውሃ በድስት አሙቁ። ሥራውም የባለሙያ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ቅደም ተከተሉን አውቃችሁ መቆጣጠር ነው።

ማታ እናቴ ገላዋን ታጥባ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። «ተመስገን፣ አይነዝርም» አለች። ቡና ከቀዳችልኝ በኋላ ግን ቀስ ብላ፣ «እኔም እኮ ነግሬህ ነበር» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስኒዬን አንስቼ ዝም አልኩ።