የሟች ብር ለሟች ቀብር ይድረስ!

ተበላ ከተማ ውስጥ አንድ አባወራ አረፈ እንበል። ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ከሁምቦ ቀበሌዎች ይጎርፋል። እድሩ የቻለውን ያህል አገዘ። የጎደለውን ሚስት ከየት ታምጣ? ከአራጣ አበዳሪ! ሟቹ እኮ ባንክ ውስጥ ብር አለው። ባንኩ ግን «የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አምጪ» ይላል።

ባንኩ ተሳስቷል አንልም። ውክልና እንኳ በመርህ ደረጃ በወካዩ ሞት ያበቃል። በሟች ካርድ ተደብቆ ብር ማውጣትም ወንድማማች ያካስሳል። ማስረጃው ይጠየቅ። ኧረ ለመሆኑ ግን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያስታውስ አለ? አንቀጽ 1014 ከውርሱ ሀብት በመጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው ይላል። ከሟች አበዳሪዎች በፊት፣ ከኑዛዜ ስጦታም በፊት! ሕጉ ያስቀደመውን አሠራሩ መጨረሻ ላይ ወረወረው።

ሌላም አለ። በትዳር የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ ግማሹ የሚስት የራሷ ድርሻ እንጂ ውርስ አይደለም። ደብተሩ በባል ስም ስለሆነ ብቻ የራሷንም ብር ከወራሾች ጋር ስትጠብቅ ትከርማለች።

ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች መመሪያ ማውጣት ይችላል። የሞት ምስክር ወረቀትና የእድር ደብዳቤ ሲቀርብ የተወሰነ ብር ይለቀቅ፣ በደረሰኝ ይወራረድ፣ ከውርሱም ይታሰብ ብሎ ይዘዝ። ለተዝካር ድግስ አላልንም፤ ለሬሳ ሣጥንና ለመቃብር ነው። የቀረው ብር የፍርድ ቤቱን ማስረጃ ይጠብቅ።