ዕድል በጊዜው ይነገር

መንፈቀ ዓመቱ ሲገባ የክርክር፣ የስፖርትና የሥነ ጽሑፍ ዝግጅቶች ይሰናዳሉ፤ የሥራ ልምምድና የነፃ ትምህርት ዕድልም ይወጣል። ነገር ግን ዕድል ዕድል የሚሆነው በጊዜው ሲሰማ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነበብ ማስታወቂያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ጊምቢና ሻምቡም ግቢዎቹ ናቸው። ነቀምቴ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በራሱ እግር ሻምቡ አይደርስም። የምዝገባውን ቀን ያልሰማ ተማሪ ተወዳድሮ አልወደቀም፤ ከነጭራሹ አልተጠራም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማስታወቂያ ሁሉ ምዝገባው ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በሦስቱም ግቢዎች በአንድ ቀን ይውጣ። ሁለተኛ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፍ። በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ያሳተመውና በዚሁ በነቀምቴ ያስተማረው ኦኔሲሞስ ነሲብ የደከመው፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ለራሳችን ለተማሪዎች ነው፤ ያነበበ ላላነበበ ይንገር። ከባልንጀራ ደብቆ የተገኘ ወንበር ክብር የለውም።