ሰው ለሌለው ሰው ገበያውም ድንጋዩም መድኀኒት አይሆኑትም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንደበት የሚከብድ፣ ለጆሮም የማይመች ነው። ይሁን እንጂ በዝምታ ልናልፈው አይገባም። እኛ ዝም ባልን ቁጥር ስለ ጉዳዩ የሚናገሩት ሁለት ወገኖች ብቻ ይሆናሉ፤ አንደኛው የሰውን ገላ እንደ ሸቀጥ የሚሸጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ በወደቀው ሰው ላይ የሚሣለቅ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳቡ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ደዌ የጸናባቸውና ብቻቸውን የሚኖሩ ወንዶች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ‹ኤስኮርት› የሚባሉ፣ በሰዓት እየተከፈላቸው የሚመጡ ወጣት ወንዶችን ይቀጥራሉ። ይህ ከእኛ የራቀ የሌላ አገር ወሬ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን በዋሽንግተን ዲሲም ሆነ በሌሎች ከተሞች ስንት እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን በነርሲንግ ሆምና በሆም ኬር ሥራ አረጋውያንን እየጦሩ እንደሚኖሩ እናውቃለን። ገላውን የሚያጥቡት፣ መድኀኒቱን በሰዓቱ የሚሰጡት ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሕይወት ያለው ሆኖ ሲገኝ ጥያቄ ያድርባቸዋል። «እርሱን ማገልገላችን በኃጢአቱ መተባበር ይሆንብን ይሆን?» ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ ከእኛ መካከል አንዳንዱ የሚሰጠው መልስ ሣቅ ነው፤ ሌላውም «የሥራውን አገኘ» ብሎ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከእነዚህ ጋር ነው፤ «ሁለቱ ከተስማሙ ምን አገባችሁ?» ከሚሉትም ጋር ነው።

አስቀድሞ ሚዛናችን አንድ ይሁን

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግልጽ ነው። ሩካቤ በቅዱስ ጋብቻ ለተዋሐዱ ወንድና ሴት የተሰጠ ነው፤ ከዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረገውንም ጭምር፣ ኃጢአት ትለዋለች። ይህን የሚያለዝብ ቃል ከዚህ ጽሑፍ የሚጠብቅ አይኑር።

ነገር ግን ይህ ሚዛን ለአንዱ ተዘርግቶ ለሌላው የሚታጠፍ አይደለም። በከተሞቻችን የልጁ እኩያ የሆነችን ድኻ ልጅ በገንዘቡ የሚገዛ ባለ ትዳር ሞልቷል። እርሱን «ወንድ ነውና» ብለን እናልፈዋለን፤ ገንዘብ ካለውም በሠርግና በማኅበር ላይ የክብር ወንበር እንሰጠዋለን። የፈረንጁን ሽማግሌ ኃጢአት ስንሰማ ግን አፋችንን እንይዛለን። ይህ የእግዚአብሔር ሕግ ቅንዓት ሳይሆን ለራስ የማድላት ልማድ ነው። ገላን በገንዘብ መግዛት ክፉ ከሆነ፣ የሚገዛው ማንም ይሁን ማን ክፉ ነው።

ይህ ሰው ማን ነው?

ከመፍረድ በፊት ማወቅ ይገባል። ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው እንዲህ ያለ ሰው የተወለደው ጠባዩን በምሥጢር ይዞ መኖር ግድ በነበረበት ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነት ግንኙነት በሕግ ያስቀጣ የነበረው እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአሜሪካም በየክፍለ ግዛቱ የቀሩት ሕጎች ፈጽመው የተሻሩት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ መደበቅን ተምሯል።

ሠላሳ ዓመት ሲሆነው ደግሞ መቅሠፍቱ መጣ። በሰኔ ወር 1981 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳንባ ምች መያዛቸውን አስታወቀ፤ ኋላ ኤድስ የተባለው ይህ ነበር። መድኀኒቶችን አጣምሮ የሚሰጠው ውጤታማ ሕክምና እስከ ተገኘበት እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ድረስ የዚህ ሰው ወዳጆች ተራ በተራ ዐለቁ። ብዙዎቹ በቤተሰባቸው ተጥለው ሞቱ። ከሞት የተረፈው እርሱ ዛሬ ልጅ የለውም፤ ዘመድ የለውም፤ የቀብሩን ነገር የሚጠይቅ የለውም። ነቢዩ ዳዊት ጉልበቱ ባለቀ ጊዜ እንዳይጣል አምላኩን ለምኗል (መዝ. 70፥9)። ይህ ሰው ግን የሚለምነውን እንኳ አላወቀም።

በዚህ ላይ ደዌው አለ። የልብ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ የፕሮስቴት እጢ ቀዶ ሕክምና የወንድነቱን ኃይል ይወስዱበታል። እርሱም አካሉ የከለከለውን በኪኒን ለማግኘት ይሞክራል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ‹ቫያግራ› በሚል ስም የሚሸጠው ኪኒን ለደረት ውጋት ከሚታዘዙት ናይትሬት ከሚባሉ የልብ መድኀኒቶች ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ይህን ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐኪሙ የማያውቀው ሽማግሌው የሚደብቀውን ነው። እፍረት አፉን ስለዘጋው የልቡን ሕመም ለአንዱ ሐኪም ይናገራል፤ ስለ ኪኒኑ ግን ለማንም አይናገርም። በሽታውን ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም እየታመመ ይኖራል ማለት ነው።

የገበያው መልስ

ገበያው ለዚህ ሰው «ብቸኝነትህን በገንዘብህ አስታግሥ» ይለዋል። አገሮችም በሕጋቸው ይለያያሉ። ስዊድን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጩን ትታ ገዢውን ትቀጣለች፤ ጀርመን ደግሞ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራ ሕጓ እንደ ሥራ ትቆጥረዋለች። ሆኖም የትኛውም ሕግ ቢወጣ ሌሊት በስምንት ሰዓት ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አይሰጠውም።

«ሁለቱም ፈቅደዋል፤ ማን ተጎዳ?» የሚል ይኖራል። አስቀድመን ወጣቱን እንይ። እርሱ የአንዲት እናት ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የቤት ኪራይና ዕዳ ነው፤ በሽታ ቢያገኘው፣ ዱላ ቢያርፍበት ለማን ይናገራል? ፈቃዱን ያስገኘው ችግሩ ከሆነ፣ ያ ፈቃድ ነፃ ነው ብሎ ለመማል ድፍረት ይጠይቃል። ሽማግሌውም ቢሆን ተጎድቷል። ሲያረጅ «ከእንግዲህ ዋጋ የለህም» ብሎ ከጉባኤው ያወጣው ያው ውበትንና ጉልበትን ብቻ የሚያከብር ዓለም ነው። አሁን ደግሞ ወጣቱን «የአንድ ሰዓት ዋጋህ ይህን ያህል ነው» እያለ ያቀርብለታል። ሽማግሌው የጣለውን ገበያ መልሶ በገንዘቡ ያቆመዋል፤ ወጣቱም ነገ ሲያረጅ በዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

የገበያ ወዳጅነት በመከራ ቀን ምን እንደሚመስል ከታወቀ ታሪክ እንመልከት። አየርላንዳዊው ጸሐፊ ኦስካር ዋይልድ በ1895 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በዚህ ጉዳይ ተከሶ ነበር። ገንዘብና ስጦታ ሲሰጣቸው፣ ማዕድ ሲያጋራቸው ከነበሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት ቆመው መሰከሩበት። ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ከወኅኒ ወደ ፍርድ ቤት በሰንሰለት ታስሮ ሲያልፍ ግን ሮበርት ሮስ የተባለ ወዳጁ በሕዝብ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ በዝምታ እጅ ነሣው። ዋይልድ ይህን ከቶ አልረሳም፤ ከእስር ቤት በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ላይ አመስግኖ አንሥቶታል። በ1900 እ.ኤ.አ. በአርባ ስድስት ዓመቱ ፓሪስ ላይ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሲሞትም ሮስ መጥቶ ካህን ጠራለት። በገንዘብ ከተገኙት ግን በዚያ አልጋ አጠገብ የቆመ የለም። ሮስን ጻድቅ ለማለት አይደለም፤ እርሱም ከዋይልድ ጋር ተመሳሳይ ሕይወት የነበረው ሰው ነው። የማይገዛ ነገር እንዳለ ግን በሁለቱ ታሪክ እናያለን።

የድንጋዩ መልስ

ይኸው ታሪክ ሁለተኛውንም ወገን ይገሥጻል። እስር ቤቱ የዋይልድን ጤና ሰበረ እንጂ ነፍሱን አላዳነም። በፍርድ ቤቱ ደጅ የተሣለቀው ሕዝብ አንድም ኃጢአተኛ አልመለሰም።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ የኖረው ያ ሕመምተኛ ጌታ በጠየቀው ጊዜ የመለሰው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነበር (ዮሐ. 5፥7)። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ጌታችን መጀመሪያ ፈወሰው። ዳግመኛ እንዳይበድል ያስጠነቀቀው ከዚያ በኋላ፣ በመቅደስ ባገኘው ጊዜ ነው (ዮሐ. 5፥14)። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን ይህ ሰው ኋላ በሐና ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ነው፤ ጌታም ይህን እያወቀ ፈወሰው። ታዲያ እኛ «ይገባዋልን?» ብለን የምንጠይቀው ከማን ተምረን ነው?

በነሐሴ 2 ቀን ስንክሳር የምትነሣው ቅድስት አትናስያም ታሪኳ እንዲሁ ያስተምራል። ቤቷን የእንግዶች ማረፊያ አድርጋ ስታበቃ ኋላ ወደ ዝሙት ወደቀች። የገዳመ አስቄጥስ አረጋውያን ይህን ሲሰሙ ውለታዋን አስበው አባ ዮሐንስ ሐፂርን ላኩላት። እርሱም ከፊቷ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ያን ለቅሶ አይታ ተነሥታ ተከተለችው። በዚያ ዘመን የእርሷን ነውር የሚያወሩ ሰዎች አልጠፉም ነበር፤ የመለሳት ግን ወደ ቤቷ ገብቶ ያለቀሰላት ነው።

ለምታገለግሉት

እንግዲህ አረጋውያንን የምትጦሩ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ለጥያቄያችሁ መልሱ ይህ ነው፤ ሕመምተኛን ማገልገላችሁ በኃጢአት መተባበር አይደለም። ጌታ በፍርድ ቀን ስለ ታመመው ሲናገር የታመመው ማን እንደ ሆነ መርምሩ አላለም (ማቴ. 25)።

«እናንተም ተከፍሏችሁ፣ ያም ወጣት ተከፍሎት፤ ምን ልዩነት አለው?» የሚላችሁ ቢኖር እንዲህ በሉት። ደጉ ሳምራዊ ለቁስለኛው ማደሪያ ሁለት ዲናር ከፍሏል (ሉቃ. 10፥35)፤ የእንግዳ ማደሪያው ጌታም ተቀብሏል፤ በዚህም አልተነቀፈም። ሠራተኛ ለድካሙ ዋጋ ይገባዋል። እናንተ የምትሸጡት ድካማችሁን ነው፤ ራሳችሁን አይደለም። በዚያ ላይ ማንም የማይከፍላችሁ ነገር ትሰጣላችሁ፤ ሲያጉረመርም ትታገሣላችሁ፣ ስሙን በአክብሮት ትጠራላችሁ፣ ሰዓታችሁ ካበቃም በኋላ ትጸልዩለታላችሁ።

ስለዚህ በሥራችሁ እነዚህን ጠብቁ። በክፍሉ ያያችሁትን ነውር በስልክ ለጓደኛ አታውሩ፤ የሕመምተኛ ምሥጢር በሕግም በአደራም የተጠበቀ ነው። ከልብ መድኀኒቱ ጋር የማይስማማ ኪኒን ስታዩ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ በወግ አስታውቁ፤ ይህ ወሬ አይደለም፣ ነፍስ ማዳን ነው። እምነታችሁን ሲጠይቃችሁ ሳታፍሩ በትሕትና መልሱ፤ ሳይጠይቃችሁ በደከመ ሰው ላይ አትስበኩ። ከሥራችሁ ውጭ የሆነና ሕሊናችሁ የማይፈቅደውን ነገር ቢያዛችሁ ግን በግልጽ እምቢ በሉ፤ ለንስሓ አባታችሁም ንገሩ።

በዚሁ ትግል ውስጥ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድማችን ብትኖርም፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልተዘጋብህም። ሕመምህን ለሐኪም፣ ኃጢአትህን ለካህን ተናገር። ሁለቱም ምሥጢርህን ይጠብቁ ዘንድ ግዴታ አለባቸው።

ለእኛም

በአጥቢያችን ልጆቹ በውጭ ያሉ፣ ወይም ልጅ ያልወለደ፣ በአንዲት ክፍል ብቻውን የተኛ ሽማግሌ የለምን? እርሱ ቅዳሴ ከቀረ ስንት ሳምንት ሆነው? ሰው የሚገዛው በነፃ ያጣውን ነው። እኛ በነፃ ያልሰጠነውን ጥየቃ ገበያው በዋጋ ይሸጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በገዢው ላይ ድንጋይ ብናነሣ፣ ያ ድንጋይ አስቀድሞ የሚያገኘው እኛን ነው። በመጪው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ተሰብስበን ስለ ሌሎች ውድቀት ከምናወራ፣ ሁለት ሁለት ሆነን አንድ በር እናንኳኳ።

ለድኩማን ኃይል የሆነ አምላካችን ለታመሙት ምሕረትን፣ ለወደቁት መነሣትን፣ ለእኛም የሚራራ ልብን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።