ጦስኝ ለሻይ ወይስ ለመዥገር? የመንዝ በግና የመዓዛ ዘይት ነገር

ኬሚካሉን ትታችሁ የተፈጥሮ ዘይት ብትቀቡ መዥገሩ ይረግፋል የሚል ምክር ስልካችን ላይ ሞልቷል። ከበግ ሌላ ጥሪት ለሌለው የዘመሮ ቤተሰብ ይሄ ምክር ይበጃል ወይስ ያከስራል?

መልሱን ባጭሩ እንንገራችሁ፦ ዘይቱ ውሸት አይደለም። ግን ዘይትና መድኃኒት አንድ አይደሉም።

ችግሩ ምንድን ነው?

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። ውርጭ እህል በሚመታበት በዚህ ደጋ በግ ማለት ባንክ ነው። ባናውም በርኖሱም ከዚሁ በግ ፀጉር ነው የሚሠራው። በጉን የሚያሰቃየው ደግሞ መዥገር ብቻ አይደለም። በብርዱ አገር ቅማልና ኬድ የሚባለው ክንፍ የሌለው ደም መጣጭ ዝንብ ይበረታሉ። ወደ መርሐቤቴ ቆላ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ መዥገሩ ይብሳል። በጉ ሲታከክ ይውላል፣ ይከሳል። ቆዳው ላይ የቀረው እከክ ደግሞ ፋብሪካ ገብቶ ፀጉሩ ሲነሳ ፍንትው ብሎ ይታያል። ያኔ የቆዳው ዋጋ ወደቀ ማለት ነው።

የተለመደው መፍትሔ የዲያዚኖን ርጭትና የአይቨርሜክቲን መርፌ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ነገር ግን ዲያዚኖን የሰውንም ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ ያለ ጓንት የሚረጭ ሰው ራሱንም እየረጨ ነው። መጠኑ ሲያንስና አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲደጋገም ደግሞ ተባዩ ይላመደዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱም የእንስሳት ሐኪሙም አይደርስም። ሰው ደጁ ካለው ተክል መላ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ሳይንሱ ምን ይላል?

ደጁ ያለው ተክል ደግሞ ቀላል አይደለም። ሻይ ላይ የምንጨምረው ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የማይገኝ ተክል ነው፣ መንዝም አንዱ አገሩ ነው። ሽታውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ነገሮች ተባይ በመግደል የታወቁ ናቸው። የንብ ቀፎን የሚያጠፋውን ቫሮዋ የተባለ ጥገኛ ተባይ ለመከላከል ዓለም ላይ የሚሸጠው አፒጋርድ የተሠራው ከታይሞል ነው።

ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት የዳማ ከሴን የቅርብ ዘመድ ዘይት 10 በመቶ አድርጎ በመዥገር ላይ ሞክሮ ነበር፤ ጥንቸል ላይ የተጣበቁትን ጨቅላ መዥገሮች በሙሉ ገድሏል። ሌሎች ተመራማሪዎችም ታጌቴስ ከሚባል ሽታው ኃይለኛ ተክል ያወጡትን ዘይት በበግ ቅማልና በመዥገር ላይ በላብራቶሪ ፈትሸዋል።

ታዲያ ለምን ገበያ ላይ የለም?

አንደኛ፣ ዘይቱ ይተናል። የሚገድለው ያው የምታሸቱት ነገር ነው፣ ሽታው ሲጠፋ ኃይሉም ይጠፋል። ላብራቶሪ ውስጥ ያለ መዥገር ሳህን ውስጥ ተዘግቶበታል፣ የዘመሮ በግ ግን ነፋስና ዝናብ ላይ ነው የሚውለው። አፒጋርድ የተሳካለት ታይሞሉን ቀስ ብሎ በሚለቅ ጄል ስለታሸገ ነው። የሎሚ ሽታ ካለው ባህር ዛፍ የሚሠራው የትንኝ መከላከያም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካ ጤና ተቋም ሲዲሲ የሚመክረው ተዘጋጅቶ የተመዘገበውን ምርት እንጂ ጥሬ ዘይቱን አይደለም፣ እሱንም ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይፈቅድም።

ሁለተኛ፣ መዥገር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በጉ ላይ ሳይሆን ሣሩ ውስጥ ነው። ዛሬ ብትቀቡት ነገ ሌላው ይወጣበታል።

ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። 100 ኪሎ ደረቅ ጦስኝ ቢነጠር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ዘይት ነው የሚወጣው። አንድ በግ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል እንበል። ለ20 በግ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ደረቅ ጦስኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ተባዩ ደግሞ በአንድ ቀን ቅብ አይጠፋም።

ትልቁ አደጋ እዚህ ጋ ነው። ጦስኝ ከሥሩ ከተነቀለ በዚያ ቦታ መልሶ አያቆጠቁጥም። የዘይት ገበያ ሳይታሰብበት ከመጣ፣ ገበሬው መድኃኒቱን ሳያገኝ ተራራው ራቁቱን ይቀራል።

ምን ይሻላል?

መንዝ ለዚህ መልስ ያጣል አንልም። ጓሳን ለዘመናት ያቆየው ቄሮ የሚባለው (የፖለቲካው አይደለም) የጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በወቅቱ ብቻ ያስጭድ ነበር። ለጦስኝም ይሄ ይሠራል፦ ከላይ ማጨድ እንጂ አለመንቀል፣ ቦታ ማፈራረቅ፣ ጓሮ ውስጥ መትከል። ወንዶ ገነት ግብርና ምርምር በመዓዛማ ተክሎች ላይ ለዓመታት ሠርቷል፣ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ደግሞ የመንዝን በግ ያውቃል። ዘይቱን የሚያወጣውና በጉን የሚያውቀው አንድ ላይ በገበሬው በጎች ላይ ካልሞከሩት ጥናቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እስከዚያው ቤተሰብ ላላችሁ፦
ንጹሕ ዘይት በጉ ላይ በቀጥታ አትቀቡ፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።
ቅማልና ኬድ ሙሉ ዕድሜያቸውን በጉ ላይ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ መንጋውን በሙሉ በአንድ ቀን አሳክሙ፤ አንድ በግ ከቀረ መልሶ ሁሉንም ያስይዛል።
የሚመቸው ጊዜ ፀጉሩ እንደተሸለተ ነው፤ ከፀጉሩ ጋር ብዙው ተባይ ይወገዳል፣ መድኃኒቱም ቆዳውን ያገኛል።
ስትረጩ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ መጠኑን ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

የተፈጥሮ ስለሆነ ብቻ አይጎዳም፣ ይሠራልም ማለት አይደለም። መጠኑ የታወቀ፣ በመንጋ ላይ የተፈተነ፣ ገበሬው በአቅሙ የሚገዛው ነገር ነው መድኃኒት የሚባለው። ጦስኙ አለ፣ በጉ አለ፣ ባለሙያውም አለ። የጎደለው የሚያገናኛቸው ነው።