እጁን ተዉለት
በ2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ባለሦስት ክንፍ የጣት ማሽከርከሪያ ትኩረት ይጨምራል ተብሎ ተቸበቸበ፤ ዓይን ስለሚሰርቅ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ከለከሉት። ለቢሮ ሠራተኛም እሱን አልመክርም። ጭንቀት ለማርገብ በመዳፍ የሚጨመቅ ለስላሳ ኳስ ይሻላል፤ ሳያዩት ይሠራል። ጣት ሲሠራ ልብ እንደሚሰበሰብ እኛ ዘንድ ድሮም ይታወቃል፦ ክርስቲያኑ መቁጠሪያውን፣ ሙስሊሙ 33 ወይም 99 ፍሬ ያለውን ሙስበሃ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል። የጸሎት ዕቃ ናቸውና መጫወቻ ይሁኑ አልልም። እናቶቻችንስ ጥጥ እየፈተሉ ረጅም ጨዋታ ያዳምጡ አልነበር? መምህራን ሆይ፣ እስክሪብቶ የሚያሽከረክር ተማሪን አትቆጡ፤ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ከሆነ እጁን ተዉለት።